1974 የሚለው ሁሉ የ1974 አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያርድ ሴል ላይ፣ ሰው ግቢው ውስጥ አሮጌ ዕቃውን በሚሸጥበት፣ አንድ ነጭ የካርቶን ሳጥን አገኘሁ። ከሕፃን ጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም። ክዳኑ ጥግ ጥጉ ላይ ተቀዷል። ከፈት ሳደርገው ሦስት ስስ ቡክሌቶች ተደራርበው ተኝተዋል። እያንዳንዳቸው መሐላቸው ላይ በስቴፕለር ሽቦ ተይዘዋል። ሽቦው ዝጓል፤ ዝገቱም ወረቀቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ጥሏል። ሽፋናቸው ላይ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚል የጨዋታ ስም አለ። ገለጥ ሳደርግ «1974» የሚል አነበብኩ።

ሻጩ «የመጀመሪያው ነው፣ ኦሪጅናል» አለኝ። ልቤ ዘለለ። ብዙም ሳልከራከር የጠየቀኝን ከፍዬ ይዤው ሄድኩ።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳገላብጠው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እጄ ላይ ያለው ሳጥን የ1974 ሳይሆን ከ1977 ወዲህ የታተመ ነው። ሻጩ ሊያታልለኝ አልፈለገም። እሱም እንደኔ ቁጥሩን አይቶ ነው ያመነው። ያ ቁጥር ግን ሳጥኑ መቼ እንደታተመ አይናገርም። ታዲያ ምንድን ነው የሚናገረው? የታተመበት ጊዜስ በምን ይታወቃል? ያኔ እኔ ያላወቅሁትን እናንተ ገንዘባችሁን ሳታወጡ በፊት እንድታውቁት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጨዋታ

ሳጥኑ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። ዛሬ የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ የምንላቸው ሁሉ አባታቸው እሱ ነው። አጨዋወቱን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት እኔ ሁልጊዜ ከተረት ነው የምነሳው። ልጅ ሳለን ትልልቅ ሰዎች «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለን ጸጥ እንል ነበር። እነሱ ያወራሉ፣ እኛ እንሰማለን። በሚና ጨዋታ ግን ሰሚው ተረቱ ውስጥ ይገባል። ተራኪው «ዋሻው በር ላይ ደርሳችኋል፣ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል» ሲል አንዱ «እኔ ሻማ ይዤ ልግባ» ይላል። ይሳካለት አይሳካለት የሚወስነው ዳይስ ነው። ተራኪው የሚመራበት ደንብ ደግሞ በመጽሐፍ ተጽፏል። እኛ የምንሰበስበው ያንን ደንብ የያዙ መጻሕፍትን ነው።

ደንቡን የጻፉት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። አርነሰን ሚኒሶታ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር «ብላክሙር» የሚባል የራሱን ዓለም ፈጥሮ ያጫውት ነበር። ጋይጋክስ የሚኖረው ዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። የኢንሹራንስ ሥራውን በ1970 ካጣ በኋላ ቤቱ ውስጥ ጫማ እየጠገነ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ደንቡን የሚያትም ድርጅት ሲታጣ፣ ጋይጋክስ ከልጅነት ጓደኛው ከዶን ኬይ ጋር ሆኖ በጥቅምት 1973 ቲኤስአር የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ጥቂት ቆይቶ ብራያን ብሉም ገንዘብ ይዞ ተቀላቀላቸው። በ1974 መጀመሪያ ላይ 1,000 ሳጥን ታተመ። ቡክሌቶቹን ሳጥን ውስጥ እያስገቡ፣ ክዳኑ ላይ ወረቀት እየለጠፉ ያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው፤ በቤት ውስጥ፣ በእጅ። ዋጋው 10 ዶላር ነበር።

ይህን ታሪክ ዘርዘር አድርጌ የነገርኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው ምልክቶች ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጩት። ነገሩ የቤት ውስጥ ሥራ ስለነበር በየጊዜው ይለወጥ ነበር። ካርቶኑ ሲያልቅ ሌላ ካርቶን ይገዛል። አድራሻው ሲቀየር መለያ ወረቀቱም ይቀየራል። ስህተት ሲገኝ በሚቀጥለው ዙር ይታረማል። አንዱ ዙር ከሌላው የሚለየው በእነዚህ ለውጦች ነው።

እትም ሌላ፣ ኅትመት ሌላ

አሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት የምትሰበስቡ ካላችሁ «አንደኛ እትም» የሚለውን ጽሑፍ መፈለግ ለምዳችኋል። እዚህ ግን ሁለት ነገር መለየት አለብን። እትም ማለት ይዘቱ ነው፤ ደንቡ በሰፊው ሲጻፍና ሲከለስ አዲስ እትም ይባላል። ኅትመት ደግሞ ማተሚያ ቤት የተገባበት ዙር ነው። አንድ እትም ስድስት ሰባት ጊዜ ሊታተም ይችላል። የቅጂ መብቱ ዓመት ግን አይነካም። ስለዚህ በ1974 የታተመውም፣ በ1977 የታተመውም «1974» ይላሉ። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

በዋጋ በኩል ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የመጀመሪያው 1,000 ሳጥን አንድ ዓመት ሳይሞላው ተሸጦ አለቀ። በ1975 መጀመሪያ ሌላ 1,000 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ 2,000 ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እያደገ ሄደ። ከመጀመሪያው 1,000 ውስጥ ስንቱ ዛሬ በደህና ይዞታ ላይ እንደሚገኝ አስቡት። ሰው ገዝቶ የተጫወተበት ዕቃ ነው። ሻይ ፈሶበታል፣ ልጅ ስሎበታል፣ ቤት ሲቀየር ተጥሏል። በ1980ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ይህ ጨዋታ ከሰይጣን አምልኮ ጋር ይያያዛል የሚል ፍርሃት ተነስቶ ብዙ ወላጆች ከልጆቻቸው ነጥቀው ጥለውታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ኅትመት ደህና ሆኖ ሲገኝ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። የእኔ ዓይነቱ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

ሳጥኑን ማንበብ

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኅትመቶች ሳጥን የእንጨት ገጽ የሚመስል ሥዕል ያለበት ቡናማ ካርቶን ነው። ሰብሳቢዎች «ዉድግሬን» ይሉታል። ከአራተኛው ጀምሮ ሳጥኑ ነጭ ሆነ። ስለዚህ ነጭ ሳጥን ይዞ «የመጀመሪያው ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሰውዬው ቢሳሳት ነው እንጂ ነገሩ አይሆንም። ያን ቅዳሜ ይህችን አንዲት ነገር ባውቅ ይበቃኝ ነበር።

ቀጥሎ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ። «ኦሪጅናል ኮሌክተርስ ኤዲሽን» የሚል ጽሑፍ በኮከብ ቅርጽ ውስጥ ካለበት፣ የዘገየ ኅትመት ነው። ነገሩ ግር ይላል። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል የተጨመረው ሳጥኑ ኦሪጅናል መሆኑ ካበቃ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አዳዲስ እትሞች እየወጡ ስለነበር የድሮውን ለመለየት ነው የለጠፉት። የእኔም ሳጥን ላይ ይህ ኮከብ አለ። ሻጩም እኔም ቃሉን አንብበን ተደስተን ነበር።

ከዚያ ውስጡን ክፈቱ። እኔ በጣም የምወደው ፈተና ይህ ነው፤ ምክንያቱም ታሪኩን ከወረቀቱ ላይ በጣታችሁ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው ቡክሌት ተጫዋቹ ሊሆን ስለሚችላቸው ፍጥረታት ይናገራል። በቀደሙት ኅትመቶች ከእነሱ አንዱ «ሆቢት» ይባላል። ሆቢት «ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ»ን የጻፈው የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን ፈጠራ ነው። የቶልኪን ሥራዎች የንግድ መብት ባለቤቶች ተቃወሙ። በ1977 በወጣው ስድስተኛው ኅትመት ላይ ሆቢት የሚለው ወጥቶ «ሃፍሊንግ» ገባ። ዛፍ የሚመስለው «ኤንት» ደግሞ «ትሪኤንት» ተባለ። «ባልሮግ» የሚባለው ጭራቅ ጭራሹን ጠፋ። ያን ማታ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ወረድኩ። ሆቢት መኖር በነበረበት ቦታ ሃፍሊንግ ይላል። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

የአድራሻው ነገር ደግሞ ልብ ይነካል። በመጀመሪያው ሳጥን ላይ የታተመው አድራሻ የዶን ኬይ ቤት ነው። ኬይ በጥር 1975 መጨረሻ ላይ፣ ገና 36 ዓመቱ፣ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። ሥራው ወደ ጋይጋክስ ቤት ተዛወረ፤ አድራሻውም ተቀየረ። ለብዙ ሰው ያ የአድራሻ መስመር ዋጋ መለያ ብቻ ነው። እኔ ግን የዚያን ሳጥን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ኬይ ሳጥኖቹን ሲደረድር ይታየኛል። ጨዋታው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ሳያይ ነው ያለፈው።

ብርቅ የሚባልና ብርቅ የሆነ

«ብርቅ» የሚለው ቃል እንደ ጨው ይበተናል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

በ1980 ስለ አማልክትና አፈ ታሪኮች የሚናገር «ዲይቲስ ኤንድ ዴሚጎድስ» የሚባል መጽሐፍ ወጣ። በመጀመሪያው መልኩ 144 ገጽ ነበረው። ውስጡ ከልብ ወለድ ሥራዎች የተወሰዱት የክቱሉና የሜልኒቦኔ ዓለማት ነበሩበት። በእነዚህ ዓለማት የመጠቀም ፈቃድ የነበረው ኬኦሲየም የተባለው ሌላ የጨዋታ ድርጅት ነው። ሁለቱ ተነጋግረው ምስጋና ተጽፎ ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሁለቱም ምዕራፎች ወጡና መጽሐፉ 128 ገጽ ሆነ። ሻጮች ባለ 144 ገጹን «የተከለከለው መጽሐፍ» እያሉ ዋጋ ይሰቅሉበታል። እውነቱን ለመናገር ግን ድርጅቱ በዚያን ጊዜ አድጎ ስለነበር መጽሐፉ በብዛት ነው የታተመው። ትንሽ ከታገሣችሁ ታገኙታላችሁ። ተጣድፋችሁ አትግዙ።

ሁለተኛው የተለየ ነው። በ1981 ጂን ዌልስ የጻፈችው «ፓላስ ኦቭ ዘ ሲልቨር ፕሪንሰስ» የሚባል ቡክሌት በብርቱካንማ ሽፋን ታተመ። ቡክሌቱ ውስጥ ባሉ ሥዕሎች ምክንያት ድርጅቱ ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ። ቡክሌቶቹ ገበያውን ሳያዳርሱ እንዲሰበሰቡና እንዲወገዱ ተደረገ። ከዚያ ተሻሽሎ በአረንጓዴ ሽፋን ወጣ። አረንጓዴው እንደ ልብ ነው። ብርቱካንማው ግን ከመወገድ የተረፈው ብቻ ነው ያለው። እዚህ ላይ «ብርቅ» የሚለው ቃል ቦታውን አገኘ።

ልዩነቱን አያችሁት? የመጀመሪያው ዝነኛ ታሪክ ያለው የተለመደ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በእውነትም ጥቂት ነው። ሻጭ ታሪክ ሲነግራችሁ «ስንት ታተመ? ስንቱ ተረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ገንዘብ ከሌላችሁ መጽሔት ግዙ

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። ሰው ሁሉ ሳጥን ሳጥን ይላል። እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው መጽሔት ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ የሚነበበው ይበዛል። ጨዋታው እንዴት እንዳደገ የምታዩትም እዚያ ነው።

ቲኤስአር በ1975 ጸደይ «ዘ ስትራቴጂክ ሪቪው» የሚል ጋዜጣ መሰል ነገር ጀመረ። የመጀመሪያው ቁጥር 6 ገጽ ብቻ ነበር። እስከ ሚያዝያ 1976 ድረስ 7 ጊዜ ወጣ። በዚያች ስድስት ገጽ ውስጥ ፊቱ ላይ እንደ ኦክቶፐስ እጆች የተንዠረገጉ፣ የሰው አእምሮ የሚበላ «ማይንድ ፍሌየር» የሚባል ፍጥረት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በሁለተኛው ቁጥር ላይ ጆ ፊሸር «ሬንጀር» የሚባል የተጫዋች ዓይነት አቀረበ። በ1976 መጀመሪያ ደግሞ «ባርድ» መጣ፤ ዘፋኝና ተራኪ፣ በእኛ አዝማሪ ልንለው እንችላለን። ሁለቱም በ1978 የታተመው ትልቁ የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። በመጽሐፉ ላይ ሕግ ሆነው ነው የምታነቧቸው። በመጽሔቱ ላይ ግን ገና ሐሳብ ናቸው፤ አንድ ሰው «እንዲህ ብናደርገውስ?» ብሎ የላከው።

በሰኔ 1976 «ዘ ድራጎን» ተተካ። የመጀመሪያው አዘጋጅ ቲም ካስክ ነው። ይህ መጽሔት ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በመስከረም 2007 በ359ኛው ቁጥር የወረቀት ኅትመቱ አበቃ። የ1980ዎቹ ቁጥሮች በብዛት የታተሙ ስለሆኑ ብዙዎቹ ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ግን ዋጋቸው ወጣ ይላል።

በእንግሊዝ በኩል ደግሞ በ1977 «ዋይት ድዋርፍ» ተጀመረ። ያሳተመው ጌምስ ወርክሾፕ ነው፤ አዘጋጁም ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኢያን ሊቪንግስተን ነበር። እዚያ ላይ አንባቢዎች የፈጠሯቸውን ጭራቆች እየላኩ የሚያወጡበት ዓምድ ነበረ። በ1979 ቻርልስ ስትሮስ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ «ጊትያንኪ» የሚባሉ ተዋጊዎችን ላከ። ልጁ በኋላ የታወቀ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ሆነ። ፍጥረቶቹ ደግሞ በ1981 ከዚያ ዓምድ ተሰብስበው በወጡበት መጽሐፍ ውስጥ ገቡ፤ እንዲያውም ሽፋኑ ላይ ያለው ጊትያንኪ ነው። በ2023 የወጣውን ባልዱርስ ጌት 3 የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የተጫወታችሁ ላኤዜልን ታውቋታላችሁ። ያቺ ቁጡ ተዋጊ ዘሯ የሚመዘዘው ከዚያ ልጅ ደብዳቤ ነው። መጽሔቱን ገልጬ ያን ገጽ ሳየው ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ስለ ዋይት ድዋርፍ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ መጽሔቱ የራሱን ድርጅት ምርቶች ብቻ የሚዘግብ ሆነ። ስለዚህ የሚና ጨዋታ ፈላጊ የሚሰበስበው የመጀመሪያዎቹን 100 ገደማ ቁጥሮች ነው። «ዋይት ድዋርፍ፣ 40 ቁጥር፣ በርካሽ» የሚል ስታዩ የትኞቹ ቁጥሮች እንደሆኑ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

መጽሔት ስትገዙ መሐሉን ክፈቱ። ብዙ ቁጥሮች መሐላቸው ላይ የሚነቀል ጨዋታ ወይም ፖስተር ነበራቸው። ለምሳሌ በ1977 ከድራጎን ጋር የቶም ዋም «ስኒትስ ሪቬንጅ» የሚባል ሙሉ ጨዋታ ታትሞ ወጥቷል። ገዢው ነቅሎ ካልተጫወተበት ምን ሊሠራለት ነው? ስለዚህ መሐሉ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ሌላው የማዘዣ ኩፖን ነው። ሰው በመቀስ ቆርጦ በፖስታ ይልከው ነበር። እኔ ያለኝ አንድ ቁጥር ላይ ኩፖኑ ተቆርጦ ካርድ የሚያህል ቀዳዳ ቀርቷል። ከኋላው የነበረው ጽሑፍ አብሮ ሄዷል። አንድ አንቀጽ መሐሉ የለም፤ ያንን ጽሑፍ እስከ ዛሬ ሙሉውን አላነበብኩትም።

መጽሔት ተከታትሎ የሚሰበስብ ሰው ሳጥን የማይሰጠውን ሌላ ነገር ያገኛል። በድራጎን የመጨረሻ ገጾች ላይ ከ1977 ጀምሮ «ዎርሚ» የሚባል ባለ ቀለም የሥዕል ታሪክ ይወጣ ነበር። ሠዓሊው ዴቪድ ትራምፒየር ነው፤ የ1978ቱን የተጫዋቾች መጽሐፍ ሽፋን የሣለው ራሱ ነው። በ1988 ታሪኩ መሐል ላይ ተቋረጠ። ቆይቶ አዘጋጆቹ ከእንግዲህ እንደማይቀጥል ለአንባቢ ተናገሩ። ሠዓሊው ከዚያ ዓለም ጨርሶ ጠፋ። ሞቷል ያሉም ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ኢሊኖይ ውስጥ ካርቦንዴል በምትባል ከተማ ታክሲ እየነዳ ተገኘ። በ2014 አረፈ። ቁጥሮቹን ደርድራችሁ ስታነቡ ያቺ ባዶ ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ። የመጨረሻው ሥዕል አለ፤ በሚቀጥለው ወር የለም።

እንዲሁም ምንም ድርጅት ሳይኖርባቸው ተጫዋቾች በየቤታቸው እያባዙ የሚለዋወጧቸው ወረቀቶች ነበሩ። ዋነኛው ሊ ጎልድ በ1975 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የጀመረችው «አላረምስ ኤንድ ኤክስከርሽንስ» ነው። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን ገጾች ይልካል፣ እሷ አንድ ላይ አድርጋ ለሁሉም ትመልሳለች። ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል። ተጫዋቾቹ በደንቡ ላይ ያደረጉት ክርክር በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው።

ዳይሱም ይናገራል

በ1977 የወጣው የጀማሪዎች ሳጥን ውስጥ ዳይስ ነበረበት። የዚያ ዘመን ዳይስ ከለስላሳ ፕላስቲክ ነው የተሠራው። ባለ 20 ገጹን በእጃችሁ ብትይዙት ጠርዙ እንደ ጠጠር ድቡልቡል ብሏል፤ ብዙ ስለተጣለ። ቁጥሮቹ ቀለም የላቸውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በወጡት ሳጥኖች ውስጥ ከዳይሱ ጋር አንድ የሰም ቀለም ይመጣ ነበር። ተጫዋቹ ቁጥሩ ላይ አሽቶ ትርፉን በጨርቅ ይጠርገዋል። የአንዳንዱ ዳይስ ቁጥር ውስጥ ያ ሰም እስከ ዛሬ አለ። አትጠቡት! ያ ልጅ የቀባው ቀለም ነው።

በ1979 አካባቢ ደግሞ ዳይስ ጠፋ። ጨዋታው ከታሰበው በላይ ስለተሸጠ አቅራቢዎች አልቻሉም። ስለዚህ ድርጅቱ ሳጥኑ ውስጥ ቁጥር የታተመባቸው ትንንሽ የካርቶን ቁራጮች አስገባ፤ ኩባያ ውስጥ አድርጎ ዕጣ እንደማውጣት ነው። ሳጥን ከፍታችሁ ዳይስ ሳይሆን እነዚህን ካገኛችሁ ዕቃው ጎደለ ብላችሁ አትዘኑ። ቁራጮቹ ሁሉም ካሉ ሳጥኑ ሙሉ ነው።

ስትገዙና ስታስቀምጡ

ከምንም በላይ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። ሳጥን አለ ማለት ውስጡ አለ ማለት አይደለም። ከተለያየ ኅትመት ተለቃቅሞ አንድ ሳጥን ውስጥ የገባም አለ። ሻጩን የእያንዳንዱን ቡክሌት ሽፋን፣ የመሐሉን ሽቦና የክዳኑን ወረቀት ፎቶ ጠይቁት። ሽቦው አዲስ ሆኖ ወረቀቱ አሮጌ ከሆነ ሰው ነካክቶታል። «ላስቲኩ አልተከፈተም» የሚለውን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። ላስቲክ በሙቀት መጠቅለያ ማሽን የትም ይጠቀለላል። ፊርማም እንዲሁ። ጋይጋክስ በ2008፣ አርነሰን በ2009 አርፈዋል፤ ፎርጅድ ፊርማ ግን አሁንም ይወለዳል። መቼና የት እንደተፈረመ የሚያሳይ ነገር ከሌለ ለፊርማው ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

አቀማመጡ ላይ የወረቀት ጠላቶች እርጥበት፣ ብርሃንና መጥፎ ፕላስቲክ ናቸው። እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን ዕቃ የምናጭቀው ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለው ክፍል ውስጥ ነው። ቤዝመንት ደግሞ በበጋ ይረጥባል፣ ሻጋታ ያበቅላል። ከዚያ ይልቅ መኝታ ቤት ያለ ቁም ሣጥን ይሻላል። የሚሸት ለስላሳ ላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ከጊዜ በኋላ ቀለሙን ይስባል። የፖሊስተር ፕላስቲክ ከረጢትና አሲድ የሌለው ካርቶን ግዙ። መጽሔት በጎኑ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አትከምሩት። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ፕላስተር ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። በፕላስተር ከተለጠፈ ወረቀት ይልቅ እንደተቀደደ የቀረው ይሻላል።

ማንበብ ብቻ ለምትፈልጉ ደግሞ ወረቀቱ ግድ አይደለም። የጨዋታው የአሁን ባለቤት ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የድሮዎቹን መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይሸጣል። በ2009 ሽያጩን አቁሞ ነበር፤ በ2013 መልሶ ጀመረ። መጽሔቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1999 የድራጎን የመጀመሪያ 250 ቁጥሮች በሲዲ ወጥተው ነበር። ችግሩ ጽሑፎቹና ሥዕሎቹ የብዙ ሰው ንብረት መሆናቸው ነው። አንድ ደራሲ በ1978 ጽሑፉ መጽሔት ላይ እንዲወጣ ፈቀደ ማለት ሲዲ ላይም ፈቀደ ማለት ነው? ክርክር ተነሳ፤ በስምምነት የተፈታም አለ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ስብስብ አልተደገመም። የመጽሔቱ ወረቀት ዛሬም የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የእኔ ነጭ ሳጥን አሁን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ስስገበገብ ሳላይ ያለፍኩት ሌላም ጉድለት ነበረበት፤ ከሦስቱ ቡክሌቶች ጋር የሚመጡት የሠንጠረዥ ወረቀቶች የሉም። ኦሪጅናሉን እስካገኝ ድረስ ከአንድ ወዳጄ ሳጥን ፎቶ ኮፒ አንስቼ አስገብቻለሁ። እያንዳንዱ ቅጠል ላይ፣ ከታች በቀኝ ጥግ፣ በእርሳስ «ቅጂ» ብዬ ጽፌበታለሁ።